ንግሥቲቱ ከመሠዋቷ በፊት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1956፣ ኒው ዮርክ፣ የማርሻል ቼዝ ክበብ። በነጭ ጠጠሮች በኩል የ26 ዓመቱ ዶናልድ በርን ተቀምጧል። ከሦስት ዓመት በፊት የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈ፣ በአገሩ በቀላሉ የማይደፈር ተጫዋች ነው። ከፊቱ ያለው የብሩክሊኑ ልጅ ቦቢ ፊሸር ገና 13 ዓመቱ ነው። ጨዋታው አሥራ ሰባተኛው እርምጃ ላይ ደርሷል። የበርን ቢሾፕ ቢ6 ላይ በቆመችው የልጁ ንግሥት ላይ አነጣጥሯል፤ የበርን ንግሥት ደግሞ ነጭ ግዛት ውስጥ ዘልቆ የገባውን የልጁን ፈረስ ጎን ለጎን ታሰጋለች። እዚህ ላይ ማንም ተጫዋች መጀመሪያ የሚያስበው ንግሥቱን ማሸሽ ነው። ልጁ ግን ንግሥቱን ካለችበት አላነቃነቃትም። ጂ4 ላይ የነበረውን ቢሾፑን አንስቶ ኢ6 ላይ አኖረው፤ ከፈለግህ ብላት ማለቱ ነው። በርን በላት። ከዚያ ወዲያ የነጭ ንጉሥ በሁለት ቤቶች መካከል ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አምስት ተከታታይ ቼክ ተቆጠረበት፤ ልጁም በየመሐሉ ጠጠር ይለቅም ጀመር። በ41ኛው እርምጃ ማት ሆነ። የቼዝ ጸሐፊው ሐንስ ክሞች በዚያው ዓመት «ቼስ ሪቪው» መጽሔት ላይ «የክፍለ ዘመኑ ጨዋታ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ከዚያ ወዲህ ይህ ጨዋታ ለታዳጊዎች ሲተረክ የሚጀመረው ከንግሥቲቱ ነው። አሠልጣኙ ሰሌዳውን አሥራ ሰባተኛው እርምጃ ላይ አድርሶ ያቆምና «እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ይላል፤ ልጆቹ ያስባሉ፣ ይሳሳታሉ፣ መልሱ ሲነገራቸው ይደነቃሉ። ድንቅነቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን ይህ አተራረክ ልጆቹን ከጨዋታው ዋና ነገር ያርቃቸዋል ባይ ነኝ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህ ጨዋታ ሥሩ ከአምስተኛው እስከ አሥራ አንደኛው እርምጃ ባለው ውስጥ ነው፤ ማለትም በመክፈቻው። ንግሥቲቱ የተሠዋችው ጨዋታው ከተወሰነ በኋላ ነው። የተወሰነውም አንዱ ወገን የሸመደደውን መንገድ ሌላው ስላላወቀው አይደለም። በመክፈቻ ሰዓት አንዲት እርምጃ ምን ያህል እንደምትከብድ አንዱ ወገን ለአፍታ ስለዘነጋ ነው። ታዳጊ ተጫዋችን መክፈቻ እናስተምር ካልን ማስተማር ያለብንም ይህንኑ ክብደት ነው።

በርን በመጀመሪያ እርምጃው ወታደር አልገፋም፤ ፈረስ አወጣ። ልጁም በፈረስ መለሰ። ቀጥሎ ነጭ በንግሥቱ ጎን ወታደሩን ሁለት ቤት ሲያራምድ፣ ጥቁር በንጉሡ ጎን ያለውን ወታደር አንድ ቤት ገፋ አድርጎ ለቢሾፑ መውጫ ከፈተለት። በአራተኛው እርምጃ ልጁ ካስሊንግ አድርጎ ንጉሡን ሰበሰበ። እስከዚህ ድረስ ጨዋታው ስም አልነበረውም፤ ወደ ሦስት ወይም አራት የተለያዩ መክፈቻዎች ሊያመራ ይችል ነበር። ስሙ የታወቀው በአምስተኛው ነው። በርን ቢሾፑን ኤፍ4 ላይ ሲያወጣ ልጁ ወታደሩን ዲ5 ላይ አስቀመጠ፤ ግሩንፌልድ መከላከያ ሆነ። መከላከያው ስሙን ያገኘው ከቪየናው ተጫዋች ከኤርነስት ግሩንፌልድ ነው። ግሩንፌልድ ይህን አጨዋወት እ.ኤ.አ. በ1922 በትላልቅ ውድድሮች አስተዋወቀ፤ በዚያው ዓመት ቪየና ላይ፣ ቆይቶ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን አሌክሳንደር አሌኪንን አሸነፈበት። ሐሳቡ በዘመኑ ድፍረት ይመስል ነበር። እስከዚያ ድረስ የነበረው ትምህርት የሰሌዳውን መሐል በወታደር ያዝ የሚል ነው። ግሩንፌልድና የዘመን ጓደኞቹ ግን መሐሉን ተቃዋሚው ይያዘው፣ እኛ ከርቀት በቢሾፕና በፈረስ እንደበድበዋለን አሉ። ሰፊ መሐል የያዘ ሰው የሚጠበቅ ንብረት አለበት፤ ጠባቂ ካነሰው ንብረቱ ዕዳ ይሆንበታል።

በተለመደው ቅደም ተከተል ዲ5 የሚመጣው በሦስተኛው እርምጃ ነው። እዚህ ግን በአምስተኛው መጣ፤ ያውም መጀመሪያ ላይ ግሩንፌልድ የሚመስል ምንም ነገር ሳይኖር። መክፈቻን እንደ ጸሎት ቃል በቃል የያዘ ልጅ ቅደም ተከተሉ ሲዘበራረቅበት ይጠፋበታል፤ የት ቦታ ላይ እንዳለ እንኳ አያውቅም። ሐሳቡን የያዘ ልጅ ግን በየትም በር ቢገባ ቤቱን ያውቀዋል።

አሁን የበርንን እርምጃዎች አንድ በአንድ እንቁጠር። በስድስተኛው ንግሥቱን ቢ3 ላይ አወጣ። በሰባተኛው በንግሥቱ ወታደር በልቶ ሲ4 ላይ አቆማት። በስምንተኛው ወታደሩን ኢ4 ላይ ገፍቶ ያንን የሚያምር ሰፊ መሐል ያዘ፤ ሁለት ወታደሮች ትከሻ ለትከሻ። በዘጠነኛው የንግሥት ጎን ሩኩን ዲ1 ላይ አመጣ። ልጁ ፈረሱን ወደ ቢ6 ሲያስገባ ንግሥቲቱ ተነካች፤ በአሥረኛው ወደ ሲ5 ተነሣች። በአሥራ አንደኛው ደግሞ በርን ኤፍ4 ላይ የነበረውን ቢሾፑን ዳግም አንስቶ ጂ5 ላይ አኖረው። ሒሳቡ ይኸውላችሁ፦ ከ11 እርምጃዎች 3ቱ የንግሥቲቱ ናቸው፣ 2ቱ የአንዱ ቢሾፕ። የንጉሥ ጎን ቢሾፕ ከተወለደበት ቤት አልወጣም። ኤች1 ላይ ያለው ሩክም እንደዚያው፤ ይህን ሩክ በልባችሁ ያዙልኝ። ንጉሡ አሁንም መሐል ላይ፣ ኢ1 ላይ ተቀምጧል። መሐሉ ሰፍቷል፣ ጠባቂው ግን ገና አልወጣም። ያን ጊዜ የሚበጀው አንዲት ተራ እርምጃ ነበረች፤ ቢሾፑን ኢ2 ላይ አውጥቶ በሚቀጥለው ካስሊንግ ማድረግ። አዲስ ጀማሪ እንኳ የሚያውቃት እርምጃ ናት። በርን ግን በልጁ ላይ ጫና መጨመር መረጠ።

ልጁ ፈረሱን አንስቶ ኤ4 ላይ፣ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። በጠርዝ የቆመ ፈረስ ደካማ ነው ተብሎ ነው የሚታወቀው፤ ይህኛው ግን በነጭ ፈረስ ሊበላ የሚችል፣ ለዓይን እንደ ስሕተት የሚታይ ፈረስ ነበር። ፈረሱ ንግሥቲቱን ያጠቃል። በርን በፈረሱ ቢበላው ምን ይሆናል? ሲ3 ላይ የነበረው የነጭ ፈረስ ኢ4 ላይ ያለውን ወታደር ይጠብቅ ነበር፤ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ወታደሩ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ሌላኛው የጥቁር ፈረስ ዘሎ ኢ4 ላይ ያንን ወታደር ይበላና በአንድ ጊዜ ንግሥቲቱንም ጂ5 ላይ የቆመውን ቢሾፕም ይይዛል። ከኋላው ደግሞ የጥቁር ንግሥት ኤ5 ላይ በቼክ ለመውጣት ዝግጁ ናት፤ ንጉሡ መሐል ላይ ነውና። አሁን የአሥራ አንደኛዋ እርምጃ ጥፋት ግልጽ ይሆናል። ቢሾፑ ጂ5 ላይ ባይኖር ፈረሱ ሁለት ነገር አይይዝም ነበር። ንጉሡ ተሰብስቦ ቢሆን ኖሮ ቼኩ አይኖርም ነበር። በርን ፈረሱን ሳይበላ ንግሥቱን ወደ ኤ3 አሸሸ፤ ለአራተኛ ጊዜ መንቀሳቀሷ ነው። ልጁ ፈረስ ለፈረስ ተለዋወጠና ኢ4 ላይ ያለውን ወታደር በላ። በዚህም የኢ መስመር መከፈት ጀመረ፤ መጨረሻው ደግሞ ንጉሡ ነው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ አንድ ተቃውሞ ያነሣል፤ ማንሣትም አለበት። የልጁ ፈረስም እኮ እስከ ኤ4 ድረስ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል፤ ዲ7፣ ቢ6፣ ኤ4። ታዲያ ደጋግሞ ማንሣት ወንጀል ከሆነ ለምን በአንዱ ብቻ ይፈረዳል? መልሱ ተራ ቆጠራ ብቻውን ሕግ አለመሆኑ ነው። ፈረሱ ቢ6 ሲገባ ንግሥቲቱን ነካ፤ ተነሣች። ኤ4 ሲገባም ነካት፤ ተነሣች። ስለዚህ ሁለቱ የፈረስ እርምጃዎች ለልጁ በነጻ የተሠሩ ናቸው፤ ተቃዋሚው ለእያንዳንዳቸው የራሱን እርምጃ ከፍሎባቸዋል። የበርን ቢሾፕ ጂ5 ላይ ሲሄድ ግን ልጁን ምንም እንዲመልስ አላስገደደም፤ እንዲያውም ለጥቃት ነፃ ሰዓት ሰጠው። ልዩነቱ ስንት ጊዜ ተነሣ ሳይሆን ስትነሣ ሌላው ሰው ምን ለማድረግ ይገደዳል የሚለው ነው። ይህን ደግሞ በሽምደዳ አይዙትም፤ በየሰሌዳው ደግመው ደጋግመው ሊያዩት ይገባል።

ወደ ንግሥቲቱ እንመለስ፤ አሁን መሠዋቷ ብዙም ተአምር አይመስልም። በልጁ ኢ6 ላይ የተቀመጠው ቢሾፕ ራሱ በነጭ ቢሾፕ ሊበላ ይችል ነበር። በርን ያንን ቢሾፕ በልቶ ቢሆን ኖሮ፣ የጥቁር ንግሥት ቢ5 ላይ በቼክ ትወጣለች። ንጉሡ ጂ1 ላይ ይሸሻል። ፈረሱ ኢ2 ላይ ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ይመለሳል። ፈረሱ ጂ3 ላይ ሲዘል ንጉሡ ከፈረሱም ከንግሥቲቱም ድርብ ቼክ ይደርስበታል፤ ዳግም ጂ1። ያን ጊዜ ንግሥቲቱ ኤፍ1 ላይ ራሷን ትጥላለች፤ ፈረሱ ስለሚጠብቃት ንጉሡ ሊበላት አይችልም፣ በሩክ መበላቷ ግድ ነው። ሩኩ ሲበላት ፈረሱ ተመልሶ ኢ2 ላይ ይገባና ማት ይሆናል፤ ንጉሡ በራሱ ሩኮችና በራሱ ወታደሮች ታፍኖ። ልብ በሉ፤ ይህ ማት የሚሠራው ኤች1 ላይ ያለው ሩክ ከቤቱ ስላልወጣ ብቻ ነው። ጨዋታው ላይ በርን በሌላው መንገድ ሄዶ ንግሥቲቱን በላ፤ ልጁ በለውጡ ሩክ፣ ሁለት ቢሾፕና ወታደር ሰበሰበ። ልጁ ሁለቱንም መንገድ በአእምሮው ማየቱ የእርሱ ክብር ነው። ሊታይ የሚችል ነገር በሰሌዳው ላይ መገኘቱ ግን የመክፈቻው ውጤት ነው።

አሁን ዓይናችንን ከኒው ዮርክ አንሥተን ዛሬ ታዳጊዎች ወደሚወዳደሩበት አዳራሽ እናምጣ። የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮናዎች ከ8 ዓመት በታች ጀምሮ እስከ 18 ዓመት በታች በዕድሜ ተከፋፍለው ይካሄዳሉ። ወላጆች ከገመድ ወዲያ ቆመው እጃቸውን ያፋትጋሉ፤ ሰሌዳው ላይ የሰዓት ድምፅና የእርሳስ መንጫጫት ብቻ። በትንንሾቹ ምድብ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ሁልጊዜ የሚደጋገም አንድ ትርኢት አለ። ነጭ ወታደሩን ይገፋል፤ በሁለተኛው እርምጃ ንግሥቱን ኤች5 ላይ ያወጣል፤ በሦስተኛው ቢሾፑን ሲ4 ላይ ያመጣል። ሁለቱም ኤፍ7 ላይ ባለው ደካማ ወታደር ላይ አነጣጥረዋል። ተቃዋሚው ካላየ በአራተኛው ማት ነው። ልጁ ብድግ ብሎ እጁን ይዘረጋል፤ ነጥቡን ይዞ ወደ እናቱ ይሮጣል። ያን ቀን የተማረው ነገር ንግሥትን ቶሎ ማውጣት ያዋጣል የሚል ነው። በሚቀጥለው ዙር የሚገጥመው ልጅ ግን በእርጋታ ጂ6 ላይ ወታደር ገፍቶ ንግሥቲቱን ያባርራታል፤ ከዚያ ፈረስ ያወጣል። ነጭ ንግሥቱን ሁለት ጊዜ አንቀሳቅሶ ከአንድ ቢሾፕ በቀር ምንም አላወጣም፤ ጥቁር ሁለት ፈረስ አውጥቷል። ይህ በጥቃቅኑ የበርን ታሪክ ነው። የሚለየው ዋጋው ለመከፈል የፈጀው ጊዜ ነው፤ ማስተሩ እስኪቀጣ አሥራ አንድ እርምጃ ቆይቷል፣ የስምንት ዓመቱ ልጅ አምስት።

የሽምደዳ ደጋፊዎች በዚህ ላይ ጠንካራ መልስ አላቸው። «ንድፈ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ውድድር ላይ ግን ከፊትህ የሚቀመጠው ልጅ በኮምፒውተር የተፈተሸ ሃያ እርምጃ በቃሉ ይዞ ነው የሚመጣው። መርሕ ብቻ ይዘህ ብትገጥመው በሰዓት ትሸነፋለህ» ይላሉ። ፊሸር ግራንድ ማስተር የሆነው በ15 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር፤ ያኔ ዓለም ጉድ አለ። በ2021 አብሂማንዩ ሚሽራ ማዕረጉን ያገኘው በ12 ዓመት ከ4 ወሩ ነው፤ በ2024 ጉኬሽ ዶማራጁ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በ18 ዓመቱ ነው። ልጆች በኮምፒውተር ዘመን ቀድመው መድረሳቸው እውነት ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሰጣቸው የመክፈቻ ሠንጠረዥ ብቻ አይደለም። ሌሊትም ቀንም የማይደክም ጠንካራ ተጋጣሚ ሰጥቷቸዋል፤ ስሕተታቸውን ወዲያው የሚነግር መምህር ሰጥቷቸዋል። እነዚህ ሁለቱ ናቸው ግንዛቤን የሚገነቡት። ይህን ያህል ልቀበል፦ ጥቂት ስለታማ መክፈቻዎች አሉ፣ አንዲት እርምጃ ሳታውቅ ብትገባባቸው የሚቀጡህ። እነዚያን ማወቅ ግድ ነው። ማወቁ ግን ለምን እንደሚቀጣ ከማወቅ ጋር ካልሄደ ተቃዋሚው በ21ኛው እርምጃ አዲስ ነገር ሲያመጣ ልጁ ባዶ እጁን ይቀራል።

ለዚህ ከቼዝ ውጭ የመጣ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዊልያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ ብቻ አሳይተው ጠጠሮቹን መልሶ እንዲደረድሩ ተጫዋቾችን ጠየቁ። ማስተሩ ወደ 16 የሚሆኑ ጠጠሮችን በትክክል መለሰ፤ ጀማሪው ወደ 4 ብቻ። እስከዚህ ድረስ ማስተር ማለት ትልቅ ማኅደረ ትውስታ ያለው ሰው ነው ማለት ይቻላል። ቀጥለው ግን ጠጠሮቹን ያለ ምንም ትርጉም በዘፈቀደ በትነው አሳዩ። የማስተሩ ብልጫ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በኋላ የመጡ ጥናቶች ጥቂት ልዩነት እንደሚቀር አሳይተዋል፤ ጥቂት ነው ግን። ማስተሩ ጠጠር አይቆጥርም፤ «ካስሊንግ ያደረገ ንጉሥ፣ ከፊቱ ሦስት ወታደር፣ አንዱ የተገፋ» ብሎ በጓዝ በጓዝ ይይዛል። ጓዙ ትርጉም ከሌለው ትውስታው ይፈርሳል። ለታዳጊ የሚሰጥ የመክፈቻ ወረቀት ከነትርጉሙ ካልተሰጠ በዘፈቀደ ከተበተነ ሰሌዳ አይለይም።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ፊሸር ራሱ ነው። ሰውየው መክፈቻ ካጠኑት ሁሉ በላይ ያጠና ነበር፤ የሶቪየት መጽሔቶችን ለማንበብ ሲል ሩሲያኛ እስከ መማር ደርሷል። ታዲያ እርሱን ለሽምደዳ መቃወሚያ ማቅረብ እንዴት ይሆናል? ግን የዚያው ሰው መጨረሻ ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1996 ቦነስ አይረስ ላይ የራሱን ቼዝ ይፋ አደረገ። ወታደሮቹ እንደነበሩ ሆነው ከኋላቸው ያሉት ጠጠሮች በዕጣ ይደረደራሉ፤ 960 የተለያዩ መነሻዎች አሉ። አጥንቶ የመጣ ሰው የለም፤ ሁሉም ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሮ ማሰብ አለበት። መክፈቻን ከማንም በላይ የያዘው ሰው የመክፈቻን ሽምደዳ የሚያፈርስ ሕግ ማውጣቱ ለእኔ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደበት፤ ኖርዌይ ላይ ዌስሊ ሶ ማግኑስ ካርልሰንን አሸነፈ።

«ፊሸር እኮ ሊቅ ነው፤ በሊቅ ጨዋታ ተራ ልጅ አይማርም» የሚሉም አሉ። እኔ ግን በፊሸር ተማሩ አላልኩም፤ በበርን ተማሩ ነው ያልኩት። የፊሸርን 17ኛ እርምጃ ማግኘት ለጥቂቶች ብቻ ነው። የበርንን 11ኛ እርምጃ ግን ሁላችንም እንጫወታታለን፤ ለዚያም ነው ትምህርት የምትሆነው። ከበርንና ከፊሸር ጨዋታ 98 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ ወጣቱ ፖል ሞርፊ ሁለት መኳንንትን ባንድ ሰሌዳ ሲገጥም የሆነውም ያው ነው፤ ንጉሣቸው መሐል ላይ ቀርቶ፣ የንጉሥ ጎን ቢሾፓቸውና ሩካቸው ሳይወጡ በ17 እርምጃ ማት ሆኑ። ሞርፊም መጨረሻ ላይ ንግሥቱን ሠውቷል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለመክፈቻ የተባለ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የራሳችን አሮጌ ጨዋታ ትዝ ይለኛል፤ ሰንጠረዥ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንደዘረዘሩት፣ ሰንጠረዥ የሚጀመረው ወረራ በሚባል ምዕራፍ ነበር። በወረራ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እንደፈለጉ፣ በሚችሉት ፍጥነት ጠጠራቸውን ያራምዳሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ያኔ ተራ ይጀመራል። ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ነበር የሚሄደው፤ ዛሬ ንግሥት የምንላት ያን ያህል ኃይል አልነበራትም። ዙሪያውን የቆመ ተመልካችም ጮክ ብሎ ምክር ይለግሳል፤ ዛሬ የታዳጊ ውድድር ዳኛ ቢሰማ ከአዳራሽ ያስወጣው ነበር። ወረራ ከዘመናዊው መክፈቻ የሚለየው ጊዜን ያለ ገደብ መስጠቱ ነው፤ ሠራዊትህን አሰልፈህ እስክትጨርስ ማንም አይቆጥርብህም። በዘመናዊው ቼዝ ግን አንተ አንድ፣ እርሱ አንድ። ቢሾፕህን ደግመህ ስታነሣ አንድ ጠጠር ከቤቱ ሳይወጣ ይቀራል። ጥያቄው የትኛው ነው የሚቀረው የሚል ብቻ ነው።

ወደ ኒው ዮርክ እንመለስ፤ ያ የብሩክሊን ልጅ ጨዋታው የተካሄደበትን ውድድር አላሸነፈም፤ ከ12 ተወዳዳሪዎች 8ኛ ወጥቷል፣ አሸናፊው ሳሙኤል ረሸቭስኪ ነበር። ከሦስት ወር ቀደም ብሎ ፊላደልፊያ ላይ የአሜሪካን የወጣቶች ሻምፒዮና ሲያሸንፍ ያሳየው ብቃት በአዋቂዎቹ መካከል ገና አልጸናም ነበር። በርንም በክብር አልጎደለም፤ ሽንፈቱ ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ እጅ ሳይሰጥ ልጁ ማት እስኪያደርገው ድረስ ተጫውቷል። ታዳጊዎችን የሚያስተምር ሰው ይህን ጨዋታ ሲያቀርብ ሰሌዳውን በአሥራ አንደኛው እርምጃ ላይ ቢያቆም እመርጣለሁ፤ ንግሥቲቱን ለጊዜው ተዉአት ቢል። ከዚያ ኤች1 ላይ ያለውን የነጭ ሩክ በጣቱ አሳይቶ፣ ይህ ሩክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው በስንተኛው እርምጃ ነው ብሎ ቢጠይቃቸው። ልጆቹ አሥራ ሦስት ይላሉ፣ አሥራ አምስት ይላሉ። መልሱ 28 ነው። ኢ1 ላይ መጣ፤ ጥቁር ሩክ እዚያው በላው።